ሊኑክስ ላይ በኪቦርድ፣ በመስኮትና በመግቢያ ገጽ የሚሠሩ ስህተቶች

«ወንድም ዓለም፣ ፓስወርዴን ሰው ቀይሮብኛል» ብላ አንዲት ጓደኛችን ደወለችልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጽሕፈት ቤት አላት። ማመልከቻ፣ ውል፣ ውክልና ትጽፋለች። ላፕቶፑ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር ተጭኖበታል። ሄጄ አየሁት። ፓስወርዱን ማንም አልነካውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሲጫን ኪቦርዱ ጀርመንኛ ተብሎ ተመርጧል። እሷ ከገባች በኋላ ለራሷ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረችው። ፓስወርዷን ያደሰችውም ያኔ ነው፤ ውስጡ ደግሞ ዋይ አለበት። ጀርመንኛ ኪቦርድ ላይ ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ። መግቢያው ላይ ዋይ ስትነካ ዜድ ይጻፋል። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ በምን ታውቀው?

ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። መግቢያ ገጹ፣ መስኮቶቹን የሚያንቀሳቅሰው መስኮት አስተዳዳሪና የአማርኛ መጻፊያው የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ቤት ውስጥ ዕቃ ብታዘዋውሩ የግቢው ዘበኛ አያውቅም። መግቢያ ገጹም እንደዚያ ነው።

የውስጡን አስተካክሎ የበሩን መርሳት

በዴቢያን፣ በኡቡንቱና በሚንት የመላው ማሽን ኪቦርድ የሚወሰነው ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚለው ማኅደር ባለው ኪቦርድ በተባለ ፋይል ነው። ኤክስኬቢ ሌይአውት (ሌይአውት የፊደላቱ አቀማመጥ ነው) የሚለው መስመር ላይ ዩኤስ መሆኑን አረጋግጡና ማሽኑን እንደገና አስነሱ። እስከዚያው አንድ ዘዴ አለ። ስም የሚጻፍበት ሳጥን ፊደሉን አይደብቅም። ዙሪያችሁን ቃኙና ፓስወርዱን እዚያ ጻፉት። የትኛው ፊደል እንደተለወጠ ወዲያው ታያላችሁ። ከዚያ አጥፉት።

አማርኛን እንደ ተራ ሌይአውት መጨመር

አማርኛን ከኪቦርድ ዝርዝር መርጦ «አልሠራም» የሚል ሰው ብዙ ነው። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃላዎቹን ገና አልቆጠርንም። ይህ አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል በሚል አሠራር አይበቃም። የሚያስፈልገው ኢንፑት ሜቶድ ነው፤ የተከታተሉ ቁልፎችን አጣምሮ አንድ ፊደል የሚያወጣ ፕሮግራም ማለት ነው። አይባስ የሚባለውን ኢንፑት ሜቶድ ከኤም17ኤን ጥቅሉ ጋር ጫኑ፤ ከአማርኛው ሴራ የሚለውን፣ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የሚያስጽፈውን፣ ምረጡ። ከዚያ ወጥታችሁ ግቡ። ይህችን የመጨረሻዋን የሚዘለው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ሳይወጣ ይሞክርና «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም» ይላል።

ኬዲኢ ፕላዝማ የተባለውን ሌላ ዴስክቶፕ በዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቨርቹዋል ኪቦርድ የሚለው ገጽ ላይ አይባስን ምረጡ። ስሙ ያሳስታል እንጂ ቦታው እሱ ነው።

ሴራ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያል። ጓደኛችን የእህል ሽያጭ ውል ስትጽፍ «አምስት ኩንታል ተፍ» ወጣባት። ትንሹ ቲ ተ ነው፤ ጠን የሚያወጣው ትልቁ ነው። ኢም ትልቅ ሲሆን አምስተኛውን ቤት ያወጣል። ስለዚህ ለጤፍ ሺፍት ይዞ ቲና ኢ፣ ሺፍት ለቅቆ ኤፍ። ማርቆስን በኬ ብትጽፉት ማርኮስ ይሆናል፤ ቀ የሚወጣው በኪው ነው። ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ደግሞ ነ ልትጽፉ ኜ ይመጣል። ጣት እስኪለምድ አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። እባካችሁ በሁለተኛው ቀን አትተዉት።

በግዕዝ ፊደል ፓስወርድ ማውጣት

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ እኔም ወድጄው ነበር። ግን በብዙዎቹ መግቢያ ገጾች ላይ አማርኛ መጻፊያው ገና አልተነሳም። ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ የምትጽፉበት መንገድ ታጣላችሁ። ፓስወርድ በላቲን ይሁን።

መቀያየሪያ ቁልፍን ያለቦታው ማድረግ

ብዙ ሰው እንግሊዝኛና አማርኛ የሚቀያይርበትን ኮንትሮልና ስፔስ ያደርገዋል። ሊብሬኦፊስ ካልክ ላይ ግን ይኸው ጥምር አንድን ዓምድ ሙሉ መምረጫ ነው። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይበሳጫል። አይባስ ራሱ ይዞት የሚመጣው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ ነው። እሱን ተዉት።

የተደበቀ መስኮት ፍለጋ ስክሪን ማበላሸት

በትንንሽ ላፕቶፖች ላይ አንዳንድ መስኮት ከስክሪኑ ይረዝማል። ኦኬ የሚለው ቁልፍ ከታች ተውጦ ይቀራል። ሰው ሬዞሉሽን ይነካካል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። ኤክስኤፍሲኢ ላይ አልት ተጭናችሁ መስኮቱን የትም ቦታ ላይ በማውዝ ያዙና ወደ ላይ ጎትቱት። ርዕሱ ከስክሪን ቢወጣም ግድ የለም። ኖም በተባለው ዴስክቶፕ ላይ በአልት ፈንታ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ያዙ። ያቺን ቀጭን የመስኮት ጠርዝ በማውዝ ከማሳደድም ይገላግላችኋል፤ ኤክስኤፍሲኢ ላይ አልት ይዞ በቀኝ ክሊክ መጎተት መስኮቱን ያሰፋል፣ ያጠብባል።

ሴቭ ሴሽንን እንደ መብራት መድኅን ማየት

መብራት ድንገት እልም በሚልበት አገር ይህ ስህተት ያሳዝነኛል። ኤክስኤፍሲኢ ስትወጡ «ሴሽኑን ላስቀምጥ?» ይላል። ሰዎች ምልክት ያደርጉበትና ሥራቸው የዳነ ይመስላቸዋል። እሱ የሚያስታውሰው የትኞቹ ፕሮግራሞች ተከፍተው እንደነበር ነው፤ ያውም በሥርዓት ስትወጡ። መብራት ሲሄድ ማን ወጣ? የጻፋችሁትን የሚያድነው የሊብሬኦፊስ አውቶሪከቨሪ ነው። በየ10 ደቂቃው ተደርጎ ይመጣል። ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድና ሴቭ፣ ጀነራል ግቡና ሁለት ደቂቃ አድርጉት።

የባሰም አለ። መስኮት አስተዳዳሪው በተበላሸበት ሰዓት ሴሽኑ ከተቀመጠ ብልሽቱ አብሮ ይቀመጣል። በማግሥቱ መስኮቶቹ ያለ ርዕስና ያለ መዝጊያ ይመጣሉ፤ መጻፍም እንቢ ይላል። ማውዙ ግን ይሠራል። ሴቲንግ ውስጥ ሴሽንና ስታርትአፕ የሚለውን ክፈቱ፤ የተቀመጡትን ሴሽኖች አጽዱ፤ ምልክቱን አንስታችሁ ውጡ።

ያለ ፓስወርድ እንዲገባ ማድረግ

ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሰው ጉዳይ አለ፤ የፍቺ አቤቱታ፣ የውርስ ክስ። ማሽኑ ለማንም መከፈት የለበትም። ደግሞም አይገላግልም። የመግቢያ ፓስወርዱ ኪሪንግ የሚባለውን የፓስወርድ ማስቀመጫም ይከፍት ነበር። እሱን ስትዘሉት ብሮውዘር ስትከፍቱ ኪሪንጉ ራሱ ይጠይቃችኋል። ሰው ይሰለቸውና ኪሪንጉን ባዶ ፓስወርድ ይሰጠዋል። ያኔ የተቀመጡት ፓስወርዶች ሳይመሰጠሩ ይቀራሉ።

ቶሎ «ፎርማት ይደረግ» ማለት

ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ መግቢያው ላይ ነው። ይህን ያየ ሰው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ቆዩ! መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኑ። በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ መግቢያ ይመጣል። ስምና ፓስወርድ ጻፉና ዲኤፍ በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ መሙላቱን እዩ። ከሞላ ሴሽኑ የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ ነው፤ የማያስፈልገውን አጥፉ። ካልሞላ፣ በመስኮት የሚሠራ ፕሮግራም በሱዱ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ተከፍቶ ኤክስ ኦቶሪቲ የሚባለው ድብቅ ፋይል ሩት የተባለው የዋናው አስተዳዳሪ ንብረት ሆኖ ሊሆን ይችላል። በሱዱ አጥፉት። ስትገቡ እንደገና ይፈጠራል።

የጓደኛችንን ላፕቶፕ ከእኔ በፊት ያየው ሰው ፎርማት ይደረግ ብሏት ነበር። እንቢ ያለችው ዶክመንት የሚለው ፎልደር ውስጥ የስንት ዓመት የውልና የማመልከቻ ናሙና ስለነበራት ነው። እኔ የነካሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ስታስነሳው ዋይዋን ራሷ ነካቻት፤ ገባ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት አባት «እሺ እታለም፣ እንጀምር» አሏት።