የሞተር ሳይክል ጎማ ቤት ውስጥ ስትቀይሩ፦ እምቢ ሲል ምን ሆኖ ነው?

ጎማ ሲቀየር ላየ ሰው የጉልበት ሥራ ይመስለዋል። ግን ጎሚስታውን አስተውላችሁ እዩት። አጭር ብረት ይዞ፣ ሳያቃስት፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ይጨርሳል። እኛ ቤት ስንሞክረው ነው ላብ በላብ ሆነን፣ ቸርኬ ጭረን፣ ካላማዳሪ በስተን የምንነሳው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጎማ ልቀይር ብዬ አዲስ ካላማዳሪ ሁለት ጊዜ በስቻለሁ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ያወጣሁት የመጀመሪያውን ለጥፌ ስመልሰው ነው።

ነገሩ የገባኝ ባዶውን ቸርኬ ገልብጬ ሳየው ነው። መሃሉ ዙሪያውን እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የጎማ ጠርዝ ደግሞ በውስጡ የብረት ሽቦ አለው። እዚህ ከንፈር እለዋለሁ። ያ ሽቦ አይለጠጥም። ታዲያ እንዴት ነው የቸርኬውን ጠርዝ ተሻግሮ የሚወጣው? በአንድ በኩል ቦዩ ውስጥ ሲሰምጥ በተቃራኒው በኩል ትርፍ ያገኛል። በዚያች ትርፍ ይወጣል፣ በዚያችው ይገባል። ቦዩን አስታውሱት፣ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ዕቃው ብዙ አይደለም። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሦስት መፈልቀቂያ ብረቶች፣ የቫልቭ መርፌ መፍቻ፣ የሳሙና ውሃ፣ መለኪያ ያለው ፓምፕ። ሞተር ሳይክሏ ሳትወዛወዝ ትቁም። ፔርኖውን፣ ማለት ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ግን ስልካችሁን አውጡና ግራና ቀኙን ፎቶ አንሱ። የትኛው ቀለበት በየት በኩል እንደነበረ ማታ ላይ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው የለም።

ከንፈሩ ከቸርኬው አልላቀቅ አለ

መጀመሪያ ንፋሱን ጠርጥሩ። ቫልቩን ጫን አድርጎ ማስተንፈስ አይበቃም። ውስጡ ያለችውን መርፌ ፈትታችሁ አውጧት። የቀረችው ትንሽ ንፋስ ከንፈሩን ወደ ቦታው ትገፋዋለች፣ እናንተ ደግሞ ከቦታው ልታወጡት ትታገላላችሁ። ካላማዳሪ ካለው የቫልቩንም ዳዶ ፍቱት።

ንፋሱ ወጥቶም እምቢ ካለ ጎማው አርጅቷል፣ ወይም በመሃል ዝገትና ጭቃ ተጋግሯል። ዙሪያውን የሳሙና ውሃ አፍስሱና ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አሮጌ ጎማ ወይም ጣውላ አንጥፋችሁ፣ የፍሬን ዲስኩ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ አስተኙት። በዲስኩ በኩል ከተኛ ዲስኩ ይጣመማል። አሁን ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ በተረከዛችሁ ርገጡ። አንድ ቦታ ላይ አትሙቱ፣ እየዞራችሁ ርገጡ።

አሁንም ካልሆነ ሞርሳ (ዕቃ ነክሶ የሚይዝ የጠረጴዛ መቆንጠጫ) ያለው ሰው ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ሥር ግራና ቀኝ አስነክሶ ያጥብቅ። ሞርሳ ከሌለ የሌላ ሞተር ሳይክል የጎን ማቆሚያ ይሠራል። የማቆሚያውን እግር ጎማው ላይ፣ ጠርዙ ጋ አሳርፋችሁ ሞተሯን ወደዚያ ጎን ጫን ማድረግ ነው። ሲለቅ ድምፁን ትሰማላችሁ። መዶሻ ግን አታምጡ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ጠርዙ ከተቀጠቀጠ ነገ ንፋስ የሚያስወጣው እሱ ራሱ ይሆናል።

ብረቱ ትንሽ ሄዶ ድንጋይ ሆነ

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱ ብረት ገብቷል፣ ከንፈሩ በከፊል ወጥቷል፣ ሦስተኛው ላይ ነገሩ ቀጥ ይላል። በዚህ ሰዓት ረዘም ያለ ብረት ፍለጋ መሮጥ ያምራል። እንዳትሄዱ። ረዘም ያለ ብረት ወይ ከንፈሩን ይበጥሰዋል፣ ወይ አምልጦ አገጫችሁን ይመታል።

ይልቅ ከብረቱ ትይዩ፣ በተቃራኒው በኩል ያለውን ከንፈር እዩ። ከቦዩ ወጥቶ የቸርኬው ትከሻ ላይ፣ ማለት ከቦዩ ጎን ያለው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ተቀምጧል። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁበት ወደ ቦዩ መልሱት። ጉልበታችሁን ሳታነሱ ብረቱን እንደገና ሳቡት። ያ ሁሉ ትግል ወዴት ሄደ ትላላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ስግብግብነት ነው። በአንድ ጊዜ የእጅ ስፋት ያህል ልንጎርስ እንፈልጋለን። 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ውሰዱ። ቀርፋፋ ይመስላል እንጂ ቶሎ ያልቃል።

ሦስተኛው፣ የምትጀምሩበትና የምትጨርሱበት ቦታ ነው። ቫልቩ ያለበት ቦታ ላይ ቦዩ በቫልቩ ተይዟል፤ ከንፈሩ እዚያ ጋ መስመጥ አይችልም። ስለዚህ ስታወጡ ከቫልቩ አጠገብ ጀምሩ፣ ስታስገቡ ደግሞ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። እንዲህ ሲሆን ትርፉ የሚፈለግበት በኩል ከንፈሩ በነፃነት ቦዩ ውስጥ ይተኛል።

ማለስለሻው የሳሙና ውሃ ይሁን። ዘይት፣ ግራሶና ቤንዚን ላስቲኩን ይጎዳሉ፤ ዘይትና ግራሶ ደግሞ ሳይደርቁ ስለሚቆዩ ጎማው ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። የደረቀ አዲስ ጎማ ከሆነ ከሥራው በፊት ፀሐይ ላይ አስጡት። የሞቀ ላስቲክ ይታዘዛል። ቸርኬያችሁ እንዳይጫር ከፈለጋችሁ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቁራጭ ቆርጣችሁ ከብረቱ ሥር አድርጉ።

አዲሱ ካላማዳሪ ንፋስ አልይዝም አለ

አትናደዱ፣ አውጡትና ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቀዳዳው ራሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል።

እባብ የነደፈው የሚመስሉ ሁለት ጎን ለጎን ቀዳዳዎች ካሉ ተቆንጥጧል ማለት ነው። ገና መንገድ ሳይወጣ ከሆነ የቆነጠጠው የእናንተ ብረት ነው። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ከሆነ ግን ንፋሱ አንሶ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ በጎማውና በቸርኬው መሃል ተጨፍልቋል። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው ባለው ፊት ከሆነ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር ከሚያያይዙት ሽቦዎች የአንዱ ጫፍ ወግቶታል። ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተንሸራቶ ወይም ተቀዶ ይሆናል። የሾለውን በሞረድ አስተካክሉ፣ ቀበቶውን ቀይሩ። መሬት ወደሚነካው ፊት ከሆነ ሚስማሩ ወይም እሾሁ እስካሁን ጎማው ውስጥ አለ። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱት። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። በባዶ እጅ ግን እንዳትሞክሩት።

የመቆንጠጥ መፍትሄው ቀላል ነው። ካላማዳሪው ከመግባቱ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ንፋስ ስጡት። ጠፍጣፋ ካላማዳሪ ታጥፎ ከብረቱ ሥር ይገባል፤ ክብ የያዘው ይሸሻል። የሕፃን ፓውደር ብትነሰንሱበት ሳይጣበቅ ይቀመጣል። ብረቱን ስታስገቡ ጫፉ ከንፈሩን እንደያዘ ቁሙ፤ ከዚያ በላይ ጠልቆ የሚያገኘው ካላማዳሪውን ነው። የመጨረሻዋን ክፍል ከማስገባታችሁ በፊት ቫልቩን በጣት ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። ይህቺን ስለማላውቃት ነው ሁለተኛውን ቀዳዳ ያወጣሁት፤ ቫልቩ ሥር ያለው ክፍል ከንፈሩ ሥር ተቀርቅሮ ነበር።

መለጠፍ ከሆነ በሸካራ ወረቀት ፋቁ፣ ማስቲሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ጠብቁ። ማስቲሹ እርጥበቱ ሳይጠፋ የሚለጠፍ ነገር አይይዝም። ቀዳዳው ቫልቩ ሥር ከሆነ ግን አትልፉ፣ ሌላ ካላማዳሪ ግዙ።

ቱብለሱ ብነፋው ብነፋው አልሞላ አለ

ቱብለስ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራው ጎማ ነው። አልሞላ ካለ ከንፈሮቹ ከቸርኬው ርቀው ንፋሱ በጎን እየወጣ ነው። ጎማው ተጣጥፎ ወይም ተደራርቦ ከቆየ እንዲህ ያደርጋል። ከንፈሮቹን በሳሙና ውሃ በደንብ አርሱ። የቫልቩን መርፌ አውጥታችሁ ንፉ፤ ንፋሱ በብዛት እንዲገባ ነው። ካልሆነ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ በጎማው ወገብ ዙሪያ አስራችሁ አጥብቁ። መሃሉ ሲጨመቅ ከንፈሮቹ ወደ ጎን ይከፈታሉ። የእጅ ፓምፕ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል፤ ኮምፕረሰር ያለበት ወስዶ ማስነፋት ነውር የለበትም። ቤንዚን ረጭቶ በእሳት ማስነሳት የሚባለውን ጨዋታ ግን ተዉት።

ሞላ፣ ግን ሲዞር ይወላገዳል

ከንፈሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ትከሻው አልወጣም። በጎማው ጎን፣ ከቸርኬው አጠገብ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ታትማለች። በመስመሯና በቸርኬው መሃል ያለው ርቀት ሁሉም ቦታ ላይ እኩል መሆን አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ሰምጣ ከጠፋች አስተንፍሱ፣ ያንን ቦታ በሳሙና አርሱ፣ እንደገና ንፉ። ሲቀመጥ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል። ስትነፉ ጎማው ላይ አታጎንብሱ፣ ጣታችሁንም ከንፈሩ አጠገብ አታድርጉ። በጎማው ላይ ከታተመው ከፍተኛ ልክ አትለፉ። ካልተቀመጠ መጨመር ሳይሆን አስተንፍሶ መድገም ነው የሚያዋጣው።

ከተቀመጠ በኋላ ንፋሱን ወደ መንጃ ልኩ መልሱት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ጣሪያው ነው። የመንጃው ልክ ያለው የሞተሯ መመሪያ ላይ ወይም አካሏ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው።

ጎማው ተመለሰ፣ ፍሬኑ ግን ጠፋ

ይህንን ክፍል እየሮጣችሁ አትለፉት። ከዚህ በፊት ያለው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው ካላማዳሪ ነው።

የዲስክ ፍሬኑ ሲጨበጥ ባዶ ከሆነ ዲስኩን ስታስገቡ የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ተገፍተዋል። እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ጨብጡ። ይህን ሳያደርጉ የወጡ ሰዎች የሚያውቁት መጀመሪያ መቆም ሲፈልጉ ነው። በተቃራኒው ዲስኩ አልገባም ካለ፣ ጎማው ወጥቶ ሳለ አንድ ሰው ፍሬኑን ጨብጧል። ሸራዎቹን በጠፍጣፋ እንጨት ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ለሌላ ጊዜ ጎማው እንደወጣ በሸራዎቹ መሃል የካርቶን ቁራጭ ሸጉጡ።

ድራም ፍሬን ከሆነ ከሁሉ የከፋው አለ። የኋላውን የድራም ክዳን ከሞተሯ ጋር የሚያይዝ አንድ ዘንግ ወይም መያዣ አለ። እሱ ሳይታሰር ከቀረ ፍሬን ስትይዙ ክዳኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን ድርቅ ያደርገዋል። ዳዶውን በዓይን ሳይሆን በቁልፍ ነክታችሁ አረጋግጡ።

ጎማው በእጅ ሲዞር ከከበደ፣ ፔርኖው ላይ ያሉት ቀለበቶች ቦታ ተቀያይረዋል፣ ወይም ካቴናው በጣም ተወጥሯል። ያነሳችሁትን ፎቶ አሁን ነው የምታዩት። የፊተኛው ጎማ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ማርሽ ጥርሶቹ ቦታቸው ሳይገቡ ፔርኖው ከጠበቀ ይሰበራል። ስለዚህ ከማጥበቃችሁ በፊት ጎማውን አዙሩና ቆጣሪው ሲነሳ እዩ። ካቴናውን ስታስተካክሉ ግራና ቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ፤ ላልቶ ሊጫወት የሚገባው መጠን መመሪያው ላይ አለ። በፔርኖው ዳዶ የምታልፈዋን መቆለፊያ ሽቦ ደግሞ አሮጌዋን አቃንታችሁ አትመልሱ።

ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል

ከንፈሩ በትክክል መቀመጡን አይታችሁ ከሆነ ቀጣዩ የሚዛን ጉዳይ ነው። ብዙ ጎማ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም ነጥብ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ጎማው የሚቀልበትን ቦታ ታሳያለች፤ በቫልቩ ትይዩ ትደረጋለች። ሚዛኑን ቤት ማየት ይቻላል። ጎማውን ፔርኖው ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ፔርኖውን ሁለት እኩል ነገር ላይ አሳርፋችሁ፣ በነፃነት ይዙር። ሲቆም ከባዱ ታች ይሆናል። ከላይ፣ በትይዩው፣ 5 ግራም ተለጣፊ ክብደት ጨምሩና ድገሙት። የትም ቦታ ብታቆሙት ባለበት ከቀረ ጨርሳችኋል።

የቀስቱንም አቅጣጫ ያን ጊዜ እዩ። ጎማው ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚዞርበት በኩል ካልሆነ፣ አዝናለሁ፣ ከመጀመሪያው ነው።

በየቀኑ ትንሽ ይተነፍሳል

ቫልቩ ላይ የሳሙና አረፋ አድርጉ። አረፋው ከተነፋ መርፌዋን አጥብቁ ወይም ቀይሩ። ቱብለስ ከሆነ ዙሪያውን ከንፈሩን አረፋ ቀቡ፤ የሚወጣው በቸርኬው ዝገት በኩል ከሆነ መፍረስ አለበት። ቸርኬውን በደቃቅ ሸካራ ወረቀት አጽዱና መልሱ።

ቫልቩ ተንጋደደ

ንፋስ አንሶ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ካላማዳሪውን አብሮ ይጎትተዋል። እንዲሁ ከተተወ ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። አስተንፍሳችሁ አቃኑት፣ ንፋሱን ወደ ልኩ አምጡ። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቃችሁ አታስሩት፤ ወደ ክዳኑ ከፍ አድርጉት። ሲንጋደድ ያኔ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አዲስ ጎማ ገጽታው ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝ ላይ ብዙ አትተኙ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዙ። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ የፔርኖውን ዳዶ፣ ካቴናውንና ንፋሱን አንድ ጊዜ ነክታችሁ እዩ። ንፋሱን የምትለኩት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በማግስቱ ጠዋት ነው።