የጊታር ልምምዶችን በአውራ ጣት መደርደር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ልጆችን ጊታር አስተምራለሁ። በጣት መምታቱ ላይ አራተኛው ልምምድ ሲደርስ ሁሉም ይቆማሉ። መጀመሪያ ልምምዶቹን በፍጥነታቸው ደረደርኳቸው፤ አልሆነም። ቀጥሎ በኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብዛት ሞከርኩ። ባለ ሁለት ኮርዱ ከባለ አራቱ ብሶ ከበዳቸው! የጠዋቱን ብርድ ሁሉ ጠርጥሬ ነበር፤ እዚህ ጣት ያደርቃል።

የሠራው ይሄ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጌ አውራ ጣት የሚሠራውን ብቻ አየሁ። አንድ ክር ላይ ከቆየ ቀላል። በ5ኛውና በ4ኛው ክር መካከል ከተመላለሰ መካከለኛ። እየተመላለሰ ዜማው በምቶቹ መሃል ከገባ ከባድ። ያ ባለ ሁለት ኮርዱ አራተኛ ልምምድ ለካ ከባዱ ውስጥ ነው። ወደ መጨረሻ ወሰድኩት። በቦታው በትዝታ ቅኝት አጭር ዜማ አስገባሁ፤ አውራ ጣት 5ኛውን ክር ብቻ ይመታል። በሳምንቱ ሦስቱም አለፉት።