ቪዲዮ ሲቆራረጥ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ?

በኮምፒውተር የምናየው ቪዲዮ ሲቆራረጥ አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምንወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ኔትወርኩ ምንም ሳይጎድለው ፕሮሰሰሩ ወይም ብሮውዘሩ አቅም አንሶት ምስሉ የሚንገጫገጭበት አጋጣሚም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አንድም ሴቲንግ ከመነካካትዎ በፊት ችግሩ ከየትኛው ወገን እንደመጣ ይለዩ።

ምልክቶቹ ይለያያሉ። ቪዲዮው ቀጥ ብሎ ቆሞ መሃሉ ላይ ክብ ምልክት ከተሽከረከረና ከጥቂት ቆይታ በኋላ ካቆመበት ከቀጠለ፣ ዳታው በጊዜው እየደረሰ አይደለም። ድምፁ ሳይቋረጥ ምስሉ ብቻ እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ግን ዳታው ደርሷል፤ ያቃተው ኮምፒውተሩ ነው። ለማረጋገጥ በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ይክፈቱ፤ እሱም ከተንገጫገጨ ኢንተርኔቱ ከክሱ ነጻ ነው። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ቪዲዮውን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር የመጨረሻውን ሲመርጡ፣ ስንት ፍሬሞች (ቪዲዮውን የሚሠሩት ተከታታይ ምስሎች) እንደተዘለሉና ለስንት ሰከንድ የሚበቃ ቪዲዮ አስቀድሞ እንደተጫነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይመጣል። የተዘለሉት ፍሬሞች ከጨመሩ ኮምፒውተሩን፣ የተጫነው ሰከንድ ወደ ዜሮ ከወረደ መስመሩን ይጠርጥሩ።

ጥፋቱ የመስመሩ ከሆነ ፍጥነቱን ይለኩ፤ መለካት ያለብዎት ግን ቪዲዮው በሚቆራረጥበት ሰዓትና በዚያው ቦታ ነው። ዩቲዩብ ለ720ፒ የምስል ጥራት 2.5፣ ለ1080ፒ 5፣ ለ4ኬ ደግሞ 20 ሜጋቢት በሰከንድ እንዲኖር ይመክራል። ሜጋቢትን ከሜጋባይት ጋር እንዳያምታቱ፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ቀጥለው ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያገናኙት። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ የሚቆራረጥ ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዙ የዋይፋይ ሞገድ ይቀይሩ፤ ይህ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያዳክመዋልና ራውተሩ ሩቅ ከሆነ 2.4 ጊጋኸርዙ ሊሻል ይችላል። ቪዲዮ እያዩ በጀርባ የሚወርድ የሲስተም አፕዴት ወይም ፎቶ የሚልክ ስልክ ካለም ያስቁሙት። ይህ ሁሉ ካልሆነ የምስሉን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነውር የለውም።

ኮምፒውተሩ ከሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይወሳሰባል። በዊንዶውስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና ቪዲዮው እየታየ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 በመቶ መጠጋቱን ይመልከቱ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮው የተጨመቀበትና የሚፈታበት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ኤቪ1 የተባለውን ኮዴክ በሃርድዌር መፍታት የሚችሉ የኮምፒውተር ግራፊክስ ቺፖች ለገበያ የቀረቡት ከ2020 ጀምሮ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፒውተር ሥራውን ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይጭናል። መፍትሔው ጥራቱን መቀነስ፣ ወይም ዩቲዩብ አሮጌውን ኤች.264 የተባለ ኮዴክ እንዲልክ የሚያስገድድ ኤክስቴንሽን (በብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ነው።

በብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን የሚባለው፣ ቪዲዮ የመፍታቱን ሥራ ለግራፊክስ ቺፑ የሚሰጠው አማራጭ መብራቱንም ያረጋግጡ። ይህ አማራጭ መድኃኒትም በሽታም ሊሆን ይችላል፦ ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አጥፍተውት ብሮውዘሩን እንደገና ይክፈቱ። ያ ከሠራ እውነተኛው ጥፋተኛ ያረጀ የግራፊክስ ድራይቨር (ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሊሆን ስለሚችል፣ አዲሱን ከቺፑ አምራች ድረ ገጽ አውርደው ከጫኑ በኋላ አማራጩን መልሰው ያብሩት።

ብሮውዘሩን ለመፈተን ቪዲዮውን ብዙ ጊዜ ኤክስቴንሽኖች በማይሠሩበት የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ይክፈቱት። እዚያ ከሠራ ኤክስቴንሽኖቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ጥፋተኛውን ይፈልጉ፤ ካሹንም (ብሮውዘሩ ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) ያጽዱ። ድሮ በብሮውዘር ቪዲዮ ለማየት ያገለግል የነበረውን ፍላሽ እንዲጭኑ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠመዎት ወዲያው ይዝጉት፤ አዶቢ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ነው።

የወረደ ፋይል አልከፈት ሲል አብዛኛውን ጊዜ ኮዴኩ ስለሌለ ነው። ከማይታወቅ ገጽ የኮዴክ ጥቅል ከማውረድ ይልቅ ኮዴኮቹን በውስጡ የያዘውን ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ይጫኑ። ቪኤልሲም ከከበደው ፋይሉ ሳያልቅ የተቋረጠ ይሆናልና እንደገና ያውርዱት። ምስሉ እየታየ ድምፁ ብቻ ከጠፋ ደግሞ፣ በተለይ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ካገናኙ በኋላ ከሆነ፣ የድምፅ መውጫው ወደዚያ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭነው የሚፈልጉትን ድምፅ ማጉያ ይምረጡ።