አነስ ያለ ጥሩ ወይስ ትልቅ ርካሽ? የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን እንዴት እንደሚመረጥ

በሪሞት የሚበር የቤንዚን አውሮፕላን ለመግዛት የተነሳ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይወዛገባል። በአንድ በኩል 30 ሲሲ ሞተር የሚወስድ፣ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.9 ሜትር አካባቢ የሆነ፣ በጥንቃቄ የተሰራ አውሮፕላን አለ። በሌላ በኩል በተቀራራቢ ዋጋ፣ አንዳንዴም ባነሰ፣ 50 ሲሲ የሚወስድ 2.3 ሜትር የሆነ ርካሽ አውሮፕላን ይገኛል። ትልቁ ዓይን ይስባል። እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው ትንሹን እመክራለሁ። ምክንያቴን፣ ትልቁ የሚሻልበትንም ሁኔታ፣ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ጨርሶ አብራችሁ የማታውቁ ከሆነ ሁለቱም ይቆዩ። መጀመሪያ በኮምፒውተር ሲሙሌተር፣ ከዚያ በባትሪ በሚሰራ የፎም አውሮፕላን ተለማመዱ። የቤንዚን ሞተር ላይ ያለው ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል። ቀልድ የለውም።

1. ሜዳውንና መኪናችሁን እዩ

የምጽፈው አሜሪካ ላለ ሰው ነው። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል አውሮፕላን ኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ዘንድ መመዝገብ አለበት። ክፍያው 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ትረስት የሚባለውን ነጻ ፈተናም ትወስዳላችሁ። ሪሞት አይዲ (የአውሮፕላኑን ማንነትና ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅ ዕቃ) መግጠም ካልፈለጋችሁ ኤፍኤኤ ለዚሁ በፈቀደው የክለብ ሜዳ ላይ ብቻ ታበራላችሁ። ክለቦቹ ብዙውን ጊዜ የኤኤምኤ (የአሜሪካ ሞዴል አውሮፕላን አብራሪዎች ማህበር) አባልነት ይጠይቃሉ፤ ኢንሹራንሱ ከአባልነቱ ጋር ስለሚመጣ ቅር አይበላችሁ።

ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሬገን ኤርፖርት በ15 ናውቲካል ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ከዚያ አልፎ እስከ 30 ናውቲካል ማይል ድረስ ደንቡን አክብሮ ማብረር ይቻላል። ስለዚህ ብዙዎቻችን አውሮፕላኑን ጭነን ራቅ ብለን መንዳት አለብን ማለት ነው።

ይህ በቀጥታ ወደ ምርጫው ይወስደናል። ክንፉ ተፈትቶ ለሁለት ይከፈላል፣ የአውሮፕላኑ አካል ግን አይታጠፍም። የ50 ሲሲ አካል ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ሚኒቫን ወይም ፒካፕ ከሌላችሁ ምርጫው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። ሳትገዙ በፊት የመኪናችሁን ውስጥ በሜትር ለኩ። በግምት አይሆንም።

2. የሳጥኑን ዋጋ እርሱት፣ ጠቅላላውን ደምሩ

እንበል ሪሞቱ አላችሁ፣ በእጃችሁ ደግሞ 2,000 ዶላር አለ። ቁጥሮቹ ለማስላት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ እናንተ የወቅቱን ዋጋ አስገቡ።

ትንሹ፦ አውሮፕላኑ 800፣ ሞተሩ 300፣ አምስት ጥሩ ሰርቮ (መሪዎቹን፣ ማለትም የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን፣ የሚያዞር ትንሽ ሞተር) እያንዳንዱ በ80 ሂሳብ 400። ለባትሪ፣ ለማብሪያ ማጥፊያ፣ ለፕሮፔለር፣ ለሪሲቨር (አውሮፕላኑ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል ለሚቀበለው ዕቃ) እና ለቤንዚን ታንክ 500 ይተርፋል። አለቀ።

ትልቁ፦ አውሮፕላኑ 700፣ ሞተሩ 450፣ ባትሪና ሌላ ሌላው 600። ለአምስት ሰርቮ የቀረው 250 ነው፣ ማለትም ለአንዱ 50። ለዚያ መጠን የሚበቃ ሰርቮ ግን 120 ቢሆን 600 ያስፈልጋችኋል። 350 ጎደለ። ብዙ ሰው ይህን ጉድለት የሚሞላው ደካማ ሰርቮ በመግዛት ነው። ትልቁ አውሮፕላን ርካሽ የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

3. ሰርቮውንና ማገናኛዎቹን መርምሩ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብዙ አውሮፕላን የሚወድቀው በዚህ ነውና።

የክንፉ ርዝመት ከ1.9 ወደ 2.28 ሜትር ሲሄድ ጭማሪው 20 በመቶ ብቻ ነው። የክንፉ የገጽ ስፋት ግን 44 በመቶ ይጨምራል። በተመሳሳይ ፍጥነት አይለሮኑን (ክንፉ ላይ ያለውን መሪ) ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ወደ 73 በመቶ ያድጋል፤ የሚገፋው አየር ብቻ ሳይሆን የሚገፋበት ርቀትም ስለሚጨምር። ለትንሹ የበቃው ሰርቮ ለትልቁ አይበቃም። ለ50 ሲሲ፣ በተለይ ለአክሮባት፣ በእያንዳንዱ መሪ ላይ 20 ኪሎግራም ሴንቲሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ የሚገፋ፣ ማርሹ ብረት የሆነ ሰርቮ ፈልጉ።

ጉልበቱ ብቻ አይበቃም። ማርሹ ልል ከሆነ አይለሮኑ በፍጥነት ሲበር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍላተር ይሉታል። አንድ ጊዜ ከጀመረ ሰርቮውንም ማጠፊያውንም በሰከንዶች ውስጥ ሊገነጣጥል ይችላል። እኛ ሜዳ ላይ አንድ ወዳጃችን ትልቅ ርካሽ አውሮፕላኑን በሙሉ ጋዝ ወደ ታች ሲያወርድ ከሰማይ ከባድ የንዝረት ድምፅ ሰማን። ምን እንደሆነ ሳንጠያየቅ አይለሮኑ ተገንጥሎ ሄደ። ስብርባሪውን ስንለቅም የሰርቮው ማርሽ ጥርሱ ረግፏል። ሞተሩ ደህና ነበር፣ ክንፉ ደህና ነበር፣ ሰርቮው ግን ከሁሉ ርካሹ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ጋዙን ቀንሱ፣ አፍንጫውን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ ፍጥነቱ ይውረድ፣ ከዚያ አሳርፉ። «እስኪ አንዴ ልዙር» ማለት የለም።

ልልነቱን ለመፈተሽ ሪሲቨሩን አብሩና የአይለሮኑን የኋላ ጠርዝ በሁለት ጣት ይዛችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ሰርቮው ከመከላከሉ በፊት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ እኔ አላበርም። ልልነቱ ሁልጊዜ የሰርቮው ጥፋት አይደለም። የማገናኛ ዘንጉ ጫፍ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ከርካሽ አውሮፕላን ጋር የሚመጣውን የማገናኛ ዕቃ እኔ ሳልሞክረው አውጥቼ እጥላለሁ። የብረት ዘንግና የኳስ ማገናኛ መግዛት ብዙ አያስከፍልም።

ብዙዎች የሚወዱት አንድ አቋራጭ አለ፣ እኔ አልወደውም። ዘንጉን የሰርቮው ክንድ ጫፍ ላይ ያስሩና እንቅስቃሴው ሲበዛባቸው በሪሞቱ 50 በመቶ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን የሰርቮው ጉልበት ይባክናል፣ ልልነቱም ጎልቶ ይወጣል። ዘንጉን ወደ ሰርቮው መሃል አስጠጉት፤ መሪው ላይ ያለው ክንድ ደግሞ ረዘም ይበል። ሪሞቱን ወደ 100 በመቶ አቅርባችሁ ተጠቀሙ።

ጠንካራ ሰርቮ ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚጎትትም አትርሱ። ቀጭን ሽቦና ተራ ማብሪያ ካለ ቮልቴጁ ይወርድና ሪሲቨሩ በአየር ላይ ሊጠፋ ይችላል። ትልቁን ከመረጣችሁ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ። 6.6 ቮልት ላይፍ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ባትሪ ይመቸኛል፣ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል ዕቃ) ሳያስፈልግ ስለሚሰራ።

4. ሞተር

እዚህ ላይ ልቤ አይጨነቅም። ዲኤልኢ የመሳሰሉት የቻይና ሞተሮች ከአሜሪካኑ ዴዘርት ኤርክራፍት በዋጋ ይቀንሳሉ፣ በደንብ ከተያዙም በደንብ ይሰራሉ። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከሰርቮ ይልቅ ከሞተር ቆጥቡ። የቤንዚንና የዘይቱን ድብልቅ እንደ ማኑዋሉ አድርጉ። 30 ለ 1 ካለ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 33 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ካርቡሬተሩን ከመነካካታችሁ በፊት አዲሱ ሞተር ሰርቶ ይለማመድ።

5. የአውሮፕላኑ አካል

ርካሽ አውሮፕላን ማለት የማይጠገን ማለት አይደለም። ሞተሩ የሚታሰርበትን ኮምፖንሳቶ እዩ። ማጣበቂያው ሳስቶ ከሆነ ዙሪያውን ኢፖክሲ ቀቡት። የእግሩ ማሰሪያም እንዲሁ፤ ሻካራ ሳር ላይ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጉ። ክንፉን የሸፈነው ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ይሸበሸባል፣ በካውያ ይስተካከላል፣ እንደገና ይሸበሸባል። ይህን ሁሉ ለመስራት ትዕግስትም ጊዜም ያለው ሰው ትልቁን ቢገዛ አልቃወምም። ሳጥኑን ከፍቼ ልገጣጥምና ልብረር ለሚል ግን ትንሹ ጥሩ ይሻለዋል። ለሁለቱም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ክንፉ ብቻውን ይሸጣል? መለዋወጫ የሌለው አውሮፕላን አንዴ ከተጎዳ ማስጌጫ ነው።

ታዲያ ትልቁ መቼ?

ዓይናችሁ እንደ ድሮው ካልሆነ። ሜዳችሁ ነፋሻማ ከሆነ፤ ትልቅ አውሮፕላን በነፋስ ብዙም አይንገላታም፣ በሩቁም አቅጣጫው ይለያል። የጦር አውሮፕላን አምሳያ ከሆነ ህልማችሁ፣ እሱ በትልቅነቱ ነው የሚያምረው። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ያ 350 ዶላር መገኘት አለበት። ካልተገኘ ሁለት ወር ጠብቁ እንጂ ደካማ ሰርቮ አትግጠሙ። 8 ኪሎ የሚመዝን፣ 22 ኢንች ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ነገር ከቁጥጥር ሲወጣ አደጋው ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ አጠገባችሁ ለቆመውም ነው።

6. የመጀመሪያው ቀን

የትኛውንም ብትገዙ የቤንዚን ቱቦው ሲሊኮን እንዳይሆን። ቤንዚን ሲሊኮንን ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋል። ታይጎን የሚባለውን ቢጫ ቱቦ ተጠቀሙ፣ የታንኩ ክዳን ጎማም ለቤንዚን የተሰራ ይሁን። ሚዛኑን ማኑዋሉ ላይ ባለው ነጥብ አስተካክሉ፤ ጅራቱ ከሚከብድ አፍንጫው ቢከብድ ይሻላል። የሪሞቱ ሲግናል ሲቋረጥ ጋዙ ወደ ዝቅተኛው እንዲወርድ አድርጉና ሪሞቱን አጥፍታችሁ አረጋግጡ፣ ይህን ስትሞክሩ አውሮፕላኑ በደንብ ይታሰር።

ከዚያ የሪሞቱን ርቀት ሞክሩ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ከኋላ አጥብቆ ይዞት ሞተሩ እየሰራ። ሞተሩ ሲነሳ ሰርቮዎቹ ከተርገበገቡ ወይም ርቀቱ ካጠረ ኢግኒሽኑ (ለሞተሩ ሻማ እሳት የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ክፍል) ሪሲቨሩን እየረበሸው ነው። ኢግኒሽኑን፣ ባትሪውንና ሽቦዎቹን ከሪሲቨሩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁና እንደገና ሞክሩ።