ከትንሽ ልጅ ጋር የፀደይ የጓሮ አትክልት መትከል

ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በጓሮ ሥራ ውስጥ የራሱ ድርሻ ሲኖረው ሳይሰለች ይሠራል፤ ቆመህ ተመልከት ሲባል ግን ብዙም ሳይቆይ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የእርሱ ብቻ የሆነ መደብ ይከልሉለት። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መደብ ይበቃል፤ ከዚህ ከሰፋ እጁ መሐሉ ጋ ስለማይደርስ ረግጦ ይገባል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠቀጠቅና ውሃም ሥርም አያሳልፍም።

መደቡ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። በአሮጌ ቤት ግድግዳ ሥር ያለ አፈር ከድሮ ቀለም የረገፈ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ እጁን ወደ አፉ ለሚያመላልስ ልጅ ፈጽሞ አይመረጥም። እንዲህ ያለ ቦታ ብቻ ካለዎት፣ ወይም ጭራሽ መሬት ከሌለዎት፣ ከሥሩ የተበሳና 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ንጹሕ አፈር ሞልተው ይጠቀሙ።

አፈሩ ለመቆፈር መድረሱን የሚፈትነው ልጁ ራሱ ይሁን። አንድ እፍኝ አፈር ጨብጦ እንዲጨምቅና እጁን ከፍቶ በአውራ ጣቱ እንዲነካው ያድርጉ። ከተፈረፈረ ደርሷል፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ግን ጥቂት ቀናት መታገሥ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ሳለ የተቆፈረ አፈር ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጓል ይሆናልና። ሲደርስ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ቆፍረው በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይቀላቅሉበት። ያልበሰበሰ ፍግ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስለሚይዝ ልጅ በሚነካው መደብ ላይ መግባት የለበትም።

ከዚያ የዘር ምርጫ ይመጣል። አየሩ ገና ቀዝቀዝ ባለበት የፀደይ መጀመሪያ አተር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ራዲሽ (ሥሩ የሚበላ ትንሽ አትክልት) እና ካሮት ይዘራሉ፤ ቲማቲም፣ ፎሶሊያና ዱባ ግን ውርጭ ስለሚገድላቸው አፈሩ እስኪሞቅ ይቆያሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ሦስቱን ብቻ ነው። ራዲሽ በ1 ሳምንት ውስጥ በቅሎ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚደርስ የልጅ ትዕግሥት ሳያልቅ ፍሬው ይታያል። የአተር ዘር ለትንንሽ ጣቶች ይመቻል። ቆስጣም የውጭ ቅጠሉ ሲቆረጥ ከመሐል እንደገና ስለሚያወጣ ለብዙ ሳምንታት ሥራ አያሳጣም። ካሮት ለመብቀል እስከ 3 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ለሚቀጥለው ዓመት ቢቆይ ይሻላል። ሲገዙ ዘሩን በደንብ ይመልከቱት፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዘር ብዙውን ጊዜ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ስለሆነ ልጅ ሊነካው አይገባም። የአተር ፍሬ ወደ አፍ ወይም ወደ አፍንጫ ከገባ አደገኛ ስለሆነ፣ አንድ አንድ ፍሬ እየቆጠሩ ይስጡት እንጂ ከረጢቱን አያስይዙት።

ጥልቀቱን በጣቱ ይለካ። ለአተር ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ፣ ማለትም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለራዲሽና ለቆስጣ ግን ጥፍሩ እስኪሸፈን ብቻ ያስገባል። መስመሩ ቢጣመም ይተዉት። ልጁ ከተኛ በኋላ ወጥተው ዘሩን አስተካክለው አይዝሩ፤ የበቀለው እርሱ ካስቀመጠበት ቦታ መሆኑን ያውቃል። ውሃ ለማጠጣት ክዳኑ የተበሳሳ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከማንኛውም ማጠጫ ይሻላል፣ ለልጅ አይከብድም፣ ዘሩንም አጥቦ አያወጣውም።

የሚከብደው ከመዝራት በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ልጄ የ4 ዓመት ልጅ ሳለች የዘራችውን አተር በየጠዋቱ እየቆፈረች ታይና መልሳ ትቀብር ነበር፤ መከልከልም ምንም አልረዳም። መፍትሔው አንድ ብርጭቆ ሆነ። በዘሩበት ቀን ብርጭቆውን ከውስጥ በረጠበ ሶፍት ይሸፍኑና ሁለት ሦስት የአተር ፍሬ በመስተዋቱና በሶፍቱ መካከል ያስገቡ። ፍሬው ይነፋል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ነጭ ሥር ይወጣል፤ ፍሬው የተዘቀዘቀ ቢሆን እንኳ ሥሩ ዞሮ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ከአፈር በታች ምን እየሆነ እንዳለ ስለሚያውቅ መደቡን መቆፈር ይተዋል።

ቡቃያው ሲወጣ ማሳሳት ይመጣል። አንድ የሚመስለው የቆስጣ ዘር የብዙ ዘሮች ጥቅል ስለሆነ ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይበቅላል። መንቀል ለልጅ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ትርፉን በመቀስ ከሥሩ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ አብራችሁ ብሉት፤ የራዲሽም የቆስጣም ለጋ ቅጠል ይበላል። ራዲሹ በ4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቆስጣው በአንድ ስንዝር ይራራቅ። አተሩ አንድ ስንዝር ሲሞላ ቅርንጫፍ ያለው ጭራሮ ይትከሉለት፤ አተሩ የሚንጠላጠልበት ጠምጣሚ ክር ቀጭኑን ጭራሮ እንጂ ወፍራም እንጨት አይጨብጥምና።

የራዲሹ ራስ ከአፈር ብቅ ብሎ የትልቅ ሰው አውራ ጣት ያህል ሲወፍር ሳይዘገይ ይነቀል፤ ከቆየ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፣ ያቃጥላልም። አተሩ በየሁለት ቀኑ ሲለቀም ተጨማሪ ያፈራል። ልጅዎ በአንድ እጁ ሐረጉን ደግፎ በሌላው እሸቱን እንዲቀጥፍ ያሳዩት፤ በአንድ እጅ ብቻ ከጎተተው ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይመጣል።