የጥርስ ሐኪሞች የፈቃድ ፈተና በኮምፒውተር፦ ከምዝገባ እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ

የጥርስ ሕክምና ተመራቂ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት በኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ፣ ነጥብ የሚያስጥለው ያልተነበበ ምዕራፍ ብቻ አይደለም። የሚያውቀውን ጥያቄ በተሳሳተ የጥርስ ቁጥር የሚመልስ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ስለቀረ ብቻ መግባት አቅቶት የሚደነግጥ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

1. ምዝገባ

ስምዎን በላቲን ፊደል ሲሞሉ በዲግሪዎና በመታወቂያዎ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይገልብጡ። «ፀሐይ»ን የመሰለ ስም ሦስት አራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ከቃል የተሞላ ፎርም በር ላይ ያስቆማል። የልደት ቀን በፈረንጆች ከተጠየቀ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ኅዳር 1990 ማለት 1997 ነው፤ የካቲት 1990 ግን 1998።

2. ቦታና ሰዓት

ጥሪው ላይ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ብቻ ካለ ግቢውን ሳያረጋግጡ አይነሱ። አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ሰፈረ ሰላም፣ ሰንጋ ተራ ያለው ንግድ ሥራ ሁሉም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በጠዋት መኪና መጨናነቅ መሮጥ የፈተናውን ግማሽ ይበላል። ከአንድ ቀን በፊት ሄደው በሩን ማየት ይሻላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መልእክት 8:30 ያለው ጠዋት 2:30 ነው፤ 2:00 ከሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ 8:00 ነው። በአማርኛ ማስታወቂያ ላይ 2:30 ካለ ግን የእኛው ጠዋት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ሰዓት በአብዛኛው የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ የእጅ ሰዓት ይዞ መግባት ከተከለከለ ጠዋት ላይ ስድስት እየቀነሱ፣ ከሰዓት በኋላ 1:00፣ 2:00 እያለ ከሄደ ደግሞ ስድስት እየደመሩ ማንበብን ይልመዱ።

3. ልምምድ

በስልክ ላይ ብቻ መለማመድን አንመክርም። ጣት በስክሪን ላይ የለመደ ሰው ማውስ ሲይዝ ይዘገያል፤ ረጅም ጥያቄን ወደ ታች እየሳበ ማንበብም አይመቸውም። ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ሄደው በዴስክቶፕና በማውስ ሙሉ ሰዓቱን ተቀምጠው ይሥሩ። በቴሌግራም የሚዞሩ፣ ማብራሪያ የሌላቸው የጥያቄ ፋይሎችን ግን ይተዉ። ብዙዎቹ የተሳሳተ መልስ ይዘዋል፤ ስህተቱን በቃል ይዞ መግባት ደግሞ ጥያቄውን ከነጭራሹ አለማየት ይሻላል የሚያሰኝ ነው።

4. መግባት

የይለፍ ቃል ሲጻፍ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ይሁን ካፕስ ሎክ በርቶ ይሁን አይታወቅም። ዘዴው ቀላል ነው፦ የይለፍ ቃሉን መጀመሪያ በስም ሳጥኑ ውስጥ ጽፈው ይዩት፣ ከዚያ አጥፍተው በትክክለኛው ቦታ ይጻፉ። የአማርኛ ፊደል ከወጣ ብዙ ጊዜ አልት እና ሺፍት አንድ ላይ ሲጫኑ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። አሁንም አልገባ ካለ እጅ አውጥተው ፈታኙን ይጥሩ፤ ደጋግሞ መሞከር አካውንቱን ሊያስቆልፍ ይችላል። በእጅ በተጻፈ የይለፍ ቃል ዜሮና «ኦ»ን መለየትም አይርሱ።

5. ስክሪኑ፣ ምስሉና የጥርስ ቁጥሩ

ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ስክሪኑን ፊት ለፊትዎ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ያስተካክሉት። ርካሽ ሞኒተር ከታች ሲታይ ይጨልማል፣ ከላይ ሲታይ ይነጣል፤ ኤክስሬይ ላይ ይህ ልዩነት የተበላሸ ጥርስን ከጤነኛው ያምታታል። መስኮት ከጀርባዎ ካለና ብርሃን ስክሪኑ ላይ ከወደቀ፣ ሰዓቱ ሳይጀምር ይናገሩ።

ከዚያ ቁጥሩ። እኛ አገር ክሊኒክ ውስጥ የለመድነው ባለ ሁለት አሃዙን የኤፍ ዲ አይ (የዓለም የጥርስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን) አጻጻፍ ነው፦ የመጀመሪያው አሃዝ የአፉን ሩብ፣ ሁለተኛው ጥርሱን ይነግራል። የአሜሪካ መጻሕፍትና መለማመጃዎች ግን ከላይኛው ቀኝ የመጨረሻ ጥርስ አንድ ብለው ጀምረው እስከ 32 ዞረው ይቆጥራሉ። ስለዚህ «14» በኤፍ ዲ አይ የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ ፕሪሞላር (ትንሹ መንጋጋ) ሲሆን፣ በአሜሪካው የላይኛው ግራ የመጀመሪያ ሞላር (ትልቁ መንጋጋ) ነው። ጎኑም ጥርሱም ተለወጠ ማለት ነው። ከአሜሪካ መጽሐፍ ያጠና ሰው አማራጮቹ ውስጥ ሁለቱንም ቢያገኝ ይወድቃል።

ለመለየት የሚረዳ መፈተሻ አለ። 10፣ 19፣ 20፣ 29፣ 30 ወይም ባለ አንድ አሃዝ ቁጥር ካዩ የአሜሪካው ነው፤ በኤፍ ዲ አይ እነዚህ የሉም። ከ33 ጀምሮ ያለ ሁሉ ኤፍ ዲ አይ ነው። ከ11 እስከ 18፣ ከ21 እስከ 28፣ እንዲሁም 31 እና 32 ሁለቱም ውስጥ ስላሉ፣ ጥያቄው ውስጥ «ላይኛ» «ቀኝ» «ሞላር» የሚል ቃል ይፈልጉ። የወተት ጥርስ ደግሞ በኤፍ ዲ አይ ከ51 እስከ 85፣ በአሜሪካው ከኤ እስከ ቲ በፊደል ይጠራል። ለምሳሌ 75 እና ኬ አንድ ጥርስ ናቸው፦ የታችኛው ግራ ሁለተኛ የወተት ሞላር።

ፓኖራማ (ሙሉ አፉን የሚያሳይ ኤክስሬይ) ሲመጣ የታካሚው ቀኝ በስክሪኑ ግራ በኩል ነው። ጥርሶቹን ከማየትዎ በፊት ቀኝና ግራን በማሟሻ ወረቀት (ለመሞከሪያ በሚሰጥዎ ባዶ ወረቀት) ላይ ይጻፉ። ፔሪአፒካል (ጥርሱን እስከ ሥሩ ጫፍ የሚያሳይ ኤክስሬይ) ላይ የላይኛው ሞላር ሦስት ሥር፣ የታችኛው ሁለት ሥር እንዳለው ያስታውሱ። በታችኛው ሁለተኛ ፕሪሞላር ሥር ጫፍ አጠገብ የሚታየው ጥቁር ክብ ሜንታል ፎራሜን (ነርቭ የሚወጣበት የአጥንት ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፤ ላሚና ዱራው (ሥሩን የሚከበው ነጭ የአጥንት መስመር) ሳይቆረጥ ዙሪያውን ከቀጠለ፣ ጥርሱ ሞቷል ብሎ ሥር ሕክምና የሚለውን አማራጭ መንካት ስህተት ነው። ባይትዊንግ (የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ አክሊል አንድ ላይ የሚያሳይ ኤክስሬይ) ላይ የጥርሱ አንገት አካባቢ ያለ ጥቁረትም ሁልጊዜ መበላሸት አይደለም፦ በኢናሜሉ (በጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) መጨረሻና በአጥንቱ ጫፍ መካከል ከሆነ የምስል ማሳሳት ሊሆን ይችላል። በጥርስና ጥርስ መካከል የሚጀምር መበላሸት ብዙውን ጊዜ ከመነካኪያቸው በትንሹ ወደ ድዱ ጠጋ ብሎ ነው።

6. ስሌት

2% ሊዶካይን (የማደንዘዣ መድኃኒት) ማለት በአንድ ሚሊ 20 ሚሊግራም ነው፤ 2 ሚሊግራም አይደለም። ስለዚህ 1.8 ሚሊ ካርትሬጅ (መርፌው ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊግራም፣ 2.2 ሚሊ ካርትሬጅ 44 ሚሊግራም ይይዛል። ጥያቄው 20 ኪሎ ሕፃንን ሰጥቶ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ከፍተኛ መጠን ካለ፦ 88 ሚሊግራም፣ በ36 ሲካፈል 2.4። መልሱ ውስጥ 2 እና 2.5 ካሉ የሚመረጠው 2 ነው፤ 2.5 ከጣሪያው ያልፋል።

7. ጊዜ

ደቂቃውን ለጥያቄው ቁጥር ያካፍሉ። 100 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 72 ሴኮንድ አለ። ከ90 ሴኮንድ በላይ ለወሰደ ጥያቄ ይሆናል ያሉትን መልስ መርጠው፣ ምልክት አድርገውበት ይለፉ። ባዶ ትቶ ማለፍ አደገኛ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ተመልሰው ላይደርሱበት ይችላሉ። «ከሚከተሉት ውጪ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ያንኑ ቃል ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይጠቅማል።

8. መብራት ቢጠፋ

ምንም አይንኩ፣ ኮምፒውተሩን ራስዎ አያጥፉ፣ ገጹን በኤፍ 5 አያድሱ። የደረሱበትን ጥያቄ ቁጥርና የቀረውን ደቂቃ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ተመልሰው ሲገቡ መጀመሪያ የመጨረሻውን መልስዎን ይዩ፤ «ቀጣይ» ሳይጫኑ የቀረ መልስ ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ደቂቃው ካነሰ ያኔውኑ ለፈታኙ ይንገሩ፤ ከወጡ በኋላ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

9. ማስረከብ

ዝርዝሩን ከፍተው ያልተመለሰና ምልክት ያለበትን ይመልከቱ። በእርግጠኝነት ስህተቱን ካላዩ የመጀመሪያ መልስዎን አይቀይሩ። የማስረከቢያ ቁልፉ አንዴ ሲነካ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሁለተኛ ሳጥን ሊከፍት ይችላል፤ ብዙዎች ያንን ሳይመልሱ ይነሳሉ። መመዝገቡን የሚገልጸው ገጽ ሲወጣ ማሟሻ ወረቀቱን መልሰው፣ የመውጫ ፊርማውን ፈርመው ይውጡ።