ትልቅ የዓሣ ገንዳን ወደ አዲስ ቤት ስለማጓጓዝ
ትልቅ አኳሪየም ጥቂት ውኃ ወይም ጠጠር እንኳ በውስጡ እያለ መነሳት የለበትም፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 400 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከመስታወቱ ሌላ 400 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ ሲነሳም የሚናወጠው ውኃ መስታወቶቹን ያያያዘውን ሲሊኮን ሊያላቅቅ ይችላል። በጅማ ከተማ ከሄርማታ ሰፈር ወደ ጅሬን አቀበት የምትጓዙ ከሆነ፣ ባዶውን ገንዳ ከላይኛው ጠርዝ ሳይሆን ከሥሩ ይዛችሁ በአይሱዙው ላይ በተነጠፈ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ አስቀምጡት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ማጣሪያውን ነው። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ስለሚኖሩ፣ በቧንቧ ውኃ ሳይታጠብ (ክሎሪኑ ይገድላቸዋል) ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እንደራሰ በባልዲ ይጓዝ። በአዲሱ ቤት መቆሚያውን በውኃ ልክ ሳታስተካክሉ ገንዳውን አትሙሉ።